ማታ 2 ሰዓት፣ ባዶ ድስት፣ አንድ እፍኝ ለውዝ፦ በ20 ደቂቃ የሚደርስ እራት



ከሥራ ወይም ከክላስ ወጥታችሁ፣ የታክሲውን ሰልፍ ጨርሳችሁ ቤት ስትገቡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል እንበል። እንጀራ አልቋል። ሽንኩርት እስኪቁላላ ቆሞ መጠበቅ የሚባል ነገር ደግሞ አይታሰብም። በዚህ ሰዓት የአብዛኞቻችን እጅ የሚዘረጋው ወደ አንድ ነገር ነው፦ ኢንዶሚ። ውሃ ይፈላል፣ ፓኬቱ ይቀደዳል፣ ቅመሙ ይገለበጣል፣ አለቀ።

ኢንዶሚን ለመስደብ አልመጣንም። (ያው፣ ስሙ የአንድ ኩባንያ ምርት መለያ ነው፤ ግን እኛ አገር የፈጣን ኑድልስ ሁሉ መጠሪያ ስለሆነ እንደለመድነው እንጠራዋለን።) ላጤውንም ተማሪውንም ስንት ማታ አድኗል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በሳምንት 4 እና 5 ቀን እራታችሁ እሱ ብቻ ከሆነስ?

ዛሬ የምናወራው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድካም፣ በአንድ ድስት ስለሚሠራ የለውዝ ኑድልስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከአሠራሩ ይልቅ ብዙ የምንቆይበት ግን ለውዙ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ግን ፓኬቱ ምን ይጎድለዋል?

70 ግራም ገደማ የሚመዝነው የተለመደው ፓኬት በአብዛኛው የስንዴ ዱቄት ነው። ብዙዎቹ ፈጣን ኑድልሶች ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ በዘይት ተጠብሰው ነው የሚደርቁት። በ3 ደቂቃ የሚበስሉትም ለዚሁ ነው፦ ሲጠበሱ ውስጣቸው ያለው ውሃ በፍጥነት ተንኖ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተዋል፣ እናንተ የፈላ ውሃ ስትጨምሩ ውሃው በነዚያ ቀዳዳዎች ይገባል። ይህንን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ያበቃው በታይዋን የተወለደው ጃፓናዊ ሞሞፉኩ አንዶ ነው። ጎበዝ ሰው ነበር። ግን እሱ የፈታው የፍጥነትን ችግር ነው፤ የእራትን ጉዳይ ለእናንተ ትቶታል።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 6 ግራም አካባቢ ነው። ፋይበሩ ትንሽ ነው፣ አትክልት የለም፣ ጨው ግን በሽ ነው። ቶሎ የሚፈጭ ስታርች ከትንሽ ፕሮቲንና ከትንሽ ፋይበር ጋር ሲገባ ጥጋቡ አይቆይም። ማታ በልታችሁ 5 ሰዓት ላይ ሆዳችሁ እንደገና "እህስ?" የሚለው ለዚህ ነው።

ለውዝ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። 100 ግራም ለውዝ ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 8 ግራም ገደማ ፋይበር አለ። ግማሽ የሚሆነው ክብደቱ ቅባት ነው፤ አብዛኛው ግን ለልብ የተሻለ የሚባለው ያልረጋ ዓይነት ቅባት ነው። አንድ እፍኝ (30 ግራም እንበለው) 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ትሰጣችኋለች። ማለትም አንድ እፍኝ ለውዝ ብቻዋን የፓኬቱን ፕሮቲን ከእጥፍ በላይ ታደርገዋለች።

አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንናገር። የስንዴም የለውዝም ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ የአንዱን ጉድለት ሌላው በደንብ አይሞላም። በዚህ በኩል የእናቶቻችን ሽሮና ምስር ከእንጀራ ጋር ይበልጣሉ። ሽሮ ካለ ሽሮ ብሉ! የለውዝ ኑድልስ የሚወዳደረው ከባዶ ኢንዶሚ ጋር ነው፣ እሱን ደግሞ በሰፊው ይበልጠዋል። እንቁላል ከጨመራችሁበት ወይም ቀን ላይ ምስርና ሽሮ ከበላችሁ ጉድለቱ ይሸፈናል።

"ለውዝ በኑድልስ? የፈረንጅ ነገር!"

ይሄን የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። መጀመሪያ ነገር ፈረንጅ አልጀመረውም። በቻይና ኑድልስን በሰሊጥ ሊጥ ለውሶ መብላት የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒውዮርክ የቻይና ምግብ ቤቶች ቀዝቃዛ የሰሊጥ ኑድልስ ሲታወቅ፣ ሰው ቤቱ ሊሠራው ሲፈልግ የሰሊጡን ሊጥ በየቤቱ በማይጠፋው የለውዝ ቅቤ ተካው። ኢንዶኔዥያዎች በበኩላቸው አትክልትን በለውዝ ስጎ ይበላሉ፤ ሴኔጋልና ማሊ ብትሄዱ ማፌ የሚባል የለውዝ ወጥ አለ።

ደግሞስ የእኛ የጾም ማዕድ ላይ ሱፍ ፍትፍት የለም እንዴ? ሱፉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል፣ ቃሪያ ይከተፍበታል፣ እንጀራ ይፈተፈትበታል። የተልባ ፍትፍትም እንደዚያው። ቅባት ያለው እህል ተፈጭቶ፣ በውሃ ተለውሶ፣ ስታርች ላይ ይፈሳል። የለውዝ ኑድልስ ማለት ሱፉ በለውዝ፣ እንጀራው በፓስታ የተተካበት ፍትፍት ነው። እንዲህ ካሰባችሁት እጃችሁ ራሱ ምን መጨመር እንዳለበት ያውቃል።

ለውዙ፦ ትልቁ ጉዳይ

(ለውዝ ስንል ኦቾሎኒ ማለታችን ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው "ለውዝ" ሌላ ዛፍ ቢሆንም፣ ሱቅ ሄዳችሁ ለውዝ ስትሉ የሚሰጣችሁ ይሄንኑ ነው።)

እኛ አገር ለውዝ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፦ ባቢሌ፣ ጉርሱም፣ ፈዲስ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ያመርታል። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ጣዕሙም ጥሩ ነው። ግን ለውዝ የሚያድገው አፈር ውስጥ ነው፤ አበባው ከላይ አብቦ ፍሬው መሬት ገብቶ ነው የሚያፈራው። አፈር ውስጥ ደግሞ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ይኖራል። ተክሉ በድርቅ ሲጎዳ፣ ወይም ምርቱ ከተነቀለ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች ይሄ ሻጋታ ፍሬው ውስጥ ይገባና አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል።

መርዙ የታወቀበት ታሪክ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ቱርክ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በሽታው ምን እንደሆነ ያወቀ ስላልነበረ ስሙን "ኤክስ" አሉት። ሲጣራ ምክንያቱ ከብራዚል የመጣው የለውዝ ፋጉሎ መኖ ሆኖ ተገኘ፤ መኖው ሻግቷል፣ ሻጋታውም መርዝ ነበረው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ፣ ማለትም ከሲጋራ ጭስ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። የሚጎዳው በዋናነት ጉበትን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የለውዝ ናሙናዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች መርዙን አግኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ናሙናዎች ላይ መጠኑ በጣም ከፍተኛ ነበር። ጥፋቱን ገበሬው ላይ መለጠፍ ግን ልክ አይመስለንም። ማድረቂያ ቦታና ጥሩ ማከማቻ ከሌለ፣ ዝናብም ያለ ጊዜው ከመጣ፣ ብቻውን ምን ያድርግ?

"እቆላዋለሁ፣ ይሞታል" ብላችሁ ከሆነ፣ ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን አይሞትም። መቁላት በከፊል ሊቀንሰው ይችላል እንጂ አያጠፋውም። ውሃ ውስጥ መቀቀልም አያጠፋውም። ማጠብም እንደዚያው።

ታዲያ ለውዝ ይቅርብን? አይቅር። መርዙ በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ አብዛኛው የሚገኘው በጥቂት በተበላሹ ፍሬዎች ውስጥ ነው። ከአንድ ኪሎ ውስጥ ጥቂት መጥፎ ፍሬዎች ጠቅላላውን ያበላሹታል። ስለዚህ እነዚያን ጥቂቶች ማውጣት ከቻላችሁ አደጋውን በእጅጉ ትቀንሳላችሁ። ይሄ ደግሞ እናቶቻችን ምስር ሲለቅሙ የሚሠሩት ሥራ ነው፦ ሰፌድ ላይ አፍስሶ፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጦ መልቀም። ሰፌድ ከሌላችሁ ትሪ ይበቃል።

የሚወጣው የቱ ነው? የተጨማደደው። የጠቆረው። አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብናኝ የያዘው። የተሰባበረውና የነቀዘው። የበቀለው። ከቆላችሁት በኋላ ገለፈቱን አሽታችሁ ስታነሱ ደግሞ ድጋሚ እዩት፤ ከሌሎቹ ተለይቶ በጣም የጠቆረው ይውጣ። ስትቀምሱት ከመረራችሁ ደግሞ "ይሁን" ብላችሁ አትዋጡት፣ ትፉት። ያወጣችሁትን ለዶሮ ወይም ለላም እንዳትሰጡት፤ ላሟ የበላችው መርዝ መልኩን ቀይሮ ወደ ወተቷ ይሄዳል። ጣሉት።

በዚህ ምክንያት እኛ ከምንም በላይ የምንጠራጠረው ተፈጭቶ የተቀመጠ፣ ስምም ቀንም የሌለበት የለውዝ ዱቄትና የለውዝ ቅቤ ነው። ከተፈጨ በኋላ መልቀም የለም! ጥሩው ከመጥፎው ጋር አንድ ሆኗል፤ ዓይናችሁም ምላሳችሁም አይለየውም። ጥሬ ለውዝ በፍሬው ገዝታችሁ ራሳችሁ ብትፈጩ ይሻላል። ገለፈቱን የያዘ፣ ፍሬው ሞላ ያለ፣ እፍኝ አድርጋችሁ ስታሸቱት የጓዳ እርጥበት የማይሸት ይሁን። ብዙ አትግዙ፤ በ2 ወይም በ3 ሳምንት የምትጨርሱት ይበቃል፣ የሚቀመጠውም ደረቅ ቦታ በሚከደን ዕቃ ውስጥ ነው። መልቀም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ዓይን የማያየው ነገር አለ፤ እሱን የሚያየው ላቦራቶሪ ነው። ለዚህ ነው ለውዝን በየቀኑ በገፍ ሳይሆን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከሌላ ምግብ ጋር እያፈራረቃችሁ እንድትበሉት የምንመርጠው።

የለውዝ ቅቤ ቤት ውስጥ

የእሑድ ሥራ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የተለቀመ ግማሽ ኪሎ ለውዝ በምጣድ ወይም በመጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት ላይ፣ እያማሰላችሁ ቁሉት። ገለፈቱ መሰንጠቅ ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው አውጡት። ትንሽ ቀደም ብሎ ማውጣት ይሻላል፣ ከእሳት ወርዶም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ሲበርድ በመዳፋችሁ አሽታችሁ ገለፈቱን እፍ በሉት። (ይሄን ሥራ ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ አድርጉት፤ ገለፈቱ የሚበተነው እስከ አልጋ ሥር ነው።)

ከዚያ ብሌንደር ወይም የቅመም መፍጫ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ሰዓት አለ። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል። ቀጥሎ ጓል ሆኖ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ መፍጫው በባዶ ይዞራል። "ዘይት ልጨምርበት እንዴ?" የምትሉት ያኔ ነው። አትጨምሩ። አጥፉት፣ በማንኪያ ከግድግዳው ፋቁት፣ እንደገና ፍጩት። ሦስት አራቴ ስትደጋግሙት ፍሬው ውስጥ ያለው ዘይት ይወጣና በድንገት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። መፍጫውን በየደቂቃው አሳርፉት፤ ሞተሩ ከጋለ ለውዙን ሳይሆን መፍጫውን ነው የምታጡት። ጨው ቁንጥር። ውሃ ጠብታ እንኳ እንዳይነካው፤ እርጥበት ከገባበት ይበላሻል። መብራት ከሌለ ወይም ብሌንደር ከሌለ ሙቀጫ አለ፤ ያን ያህል አይለሰልስም፣ ግን ለዚህ ምግብ ሻካራው እንዲያውም ይጣፍጣል።

ከግማሽ ኪሎው 30 ገደማ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ታገኛላችሁ። በማሰሮ የተሸጠውን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ (በተለይ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ዲሲ ያላችሁ) ጀርባውን አንብቡ። ጥሩው ላይ የሚጻፈው "ለውዝ፣ ጨው" ብቻ ነው። ስኳርና የረጋ ዘይት የተጻፈበት ጣፋጭ ነው፣ ለዳቦ ይሁን። ከላይ ዘይት ተንሳፎ ብታዩ አትደንግጡ፤ እንዲያውም ማርጊያ ያልተጨመረበት መሆኑን ነው የሚነግራችሁ። አማስሉት።

አሁን እራቱ (ለ2 ሰው)

200 ግራም ስፓጌቲ፤ ከ500 ግራሙ ፓኬት ግማሽ አይሞላም። 4 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ትንሽ ሎሚ፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር። አትክልት ያገኛችሁትን፦ 1 ካሮት፣ ከጥቅል ጎመን ሩብ ያህል፣ ካለ ጥቂት ቅጠል ቆስጣ። ቃሪያ እንደ አቅማችሁ።

ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ውሃውን ጣዱት። ሌላው ሁሉ የሚሠራው ውሃው እስኪፈላና ፓስታው እስኪበስል ባለው ጊዜ ነው፤ 20 ደቂቃ ያልነው በዚህ ሂሳብ ነው። ውሃው ላይ ጨው አታድርጉ፣ ሶያ ሶሱ ይበቃዋል። ፓስታው ሲገባ ካሮቱንና ጎመኑን በቀጭኑ ክተፉ። ፓስታው ሊደርስ 2 ደቂቃ ሲቀረው ካሮቱንና ጎመኑን እዚያው ድስት ውስጥ ጨምሩ፤ ቆስጣው መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ድስት፣ አንድ ጊዜ እጥበት።

ከማጥለላችሁ በፊት (ይሄ ዋናው ነው) አንድ ስኒ የፓስታ ውሃ ቅዱና አስቀምጡ። ስታርች ስላለው ስጎውን አንድ ላይ ይይዘዋል። በጎድጓዳ ሳህን የለውዝ ቅቤውን፣ ሶያ ሶሱን፣ ማሩን፣ የተፈጨውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አድርጉ። የፓስታውን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት።

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ማንኪያዎች ሲገቡ ስጎው መቅጠኑ ቀርቶ ይጠጥራል፣ ሲሚንቶ ይመስላል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት! የለውዝ ቅቤ ማለት በዘይት ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ የለውዝ ብናኝ ነው። ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ብናኙ ውሃውን መጥጦ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ውሃው ሲበዛለት ዘይቱ በውሃው ውስጥ ይበተንና ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጣ ብሎ እንደ እርጎ ይለሰልሳል። 6 እስከ 8 ማንኪያ ውሃ ይበቃል። ከምትፈልጉት ትንሽ ይቅጠን፣ ፓስታው ላይ ሲያርፍ ይወፍራል።

ፓስታውንና አትክልቱን ከስጎው ጋር ከእሳት ውጭ ለውሱት። መልሳችሁ ብትጥዱት ዘይቱ ይለያይና ይቋጠራል። ሎሚውን መጨረሻ ላይ ጭመቁበት። ሎሚውን "ካለኝ" ብላችሁ አትዝለሉት፤ ለውዝ ከባድ ነው፣ ኮምጣጣ ካልገባበት ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ይሰለቻችኋል። ከላይ ቃሪያ፣ ደቆ የተፈጨ ጥቂት ለውዝ፣ ወይም ሚጥሚጣ ነስነስ። በርበሬም ይሆናል፤ ግን ጥሬውን አታድርጉት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ላይ ለጥቂት ሰከንድ አቁላሉት። በእኛ ምርጫ ሚጥሚጣ ይበልጣል።

የጾም ቀን ላይ እንዲሁ ይበላል። በፍስክ ቀን አንድ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጨምሩበት፤ ውሃው ሲፈላ ከፓስታው በፊት ብታስገቡት እዚያው ይበስላል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ሰው 100 ግራም ፓስታና 2 ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣሉ፣ እንቁላል 6 ይጨምርበታል። ጉልበቱ 600 ካሎሪ አካባቢ ነው። እውነተኛ እራት ማለት ነው። የለውዝ ቅቤውን ወደ 5 እና 6 ማንኪያ ካሳደጋችሁት ግን ካሎሪውም በዚያው ልክ ይሸሻል፤ አንዷ ማንኪያ 95 ካሎሪ ገደማ ናት።

ቤት ያለው ኢንዶሚ ብቻ ከሆነስ?

ይሠራል። ኑድልሱን ከአትክልቱ ጋር ቀቅሉት፣ ለአንድ ፓኬት 2 ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በቂ ነው። የቅመሙን ከረጢት ግን ግማሹን፣ ቢቻል ሩቡን ብቻ። ሶያ ሶስ ደግሞ ጭራሽ አታስገቡ። ምክንያቱም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ብቻውን ከ2 ግራም በላይ ጨው አለው። ያ ማለት ከላይ ባለው አሠራር ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንዷ ማንኪያ የቀኑን ግማሽ ልትደርስ ነው። በዚያ ላይ የኢንዶሚው ቅመም ከተደረበ የቀኑ ድርሻ በአንድ እራት አለቀ።

ፓኬቱ ላይ "ሶዲየም" የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ያንን በ2.5 አባዙት፣ የጨው መጠኑ ይመጣላችኋል። 1,000 ሚሊግራም ሶዲየም የተጻፈበት 2.5 ግራም ጨው ነው። ስልካችሁ ካልኩሌተር አለው፤ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ሞክሩት፣ አንዳንዱ ፓኬት ያስደነግጣል። ደም ግፊት ያለበት ቤተሰብ አብሯችሁ የሚበላ ከሆነ ሶያ ሶሱን በግማሽ ቀንሱና ሎሚና ዝንጅብሉን ከፍ አድርጉ። ሶያ ሶስ ከሌላችሁም አትጨነቁ፤ ለሁለት ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ቦታውን ይይዛል።

የምትጾሙ ደግሞ የፓኬቱን ጀርባ እዩ፤ የዶሮ፣ የእንቁላል ወይም የወተት ዱቄት የገባበት አለ። ተራው ደረቅ ስፓጌቲ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄትና ውሃ ብቻ ስለሆነ እሱ ይቀላል።

መብራት ሊሄድ ነው ብላችሁ ለምትሰጉ ወይም ጋዝ ለምትቆጥቡ ደግሞ አንድ ዘዴ። ስፓጌቲው የፈላው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ 2 ደቂቃ ይፍላ፣ ከዚያ ድስቱን በደንብ ከድናችሁ እሳቱን አጥፉት። በራሱ ሙቀት ይበስላል፤ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት እንጂ አትክፈቱት። እ.ኤ.አ. በ2021 በፊዚክስ ኖቤል ያሸነፉት ጣሊያናዊው ጆርጆ ፓሪሲ በቀጣዩ ዓመት የኃይል ዋጋ ሲንር ይሄንን ዘዴ ደግፈው ሲናገሩ የአገራቸው ምግብ አብሳዮች ተንጫጭተውባቸዋል። እኛ ከፊዚክሱ ጋር ነን። አትክልቱን ግን በዚህ ዘዴ ስትሠሩ ከፓስታው ጋር አብራችሁ ከመጀመሪያው አስገቡት።

ማን አይብላ?

የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ጨርሶ አይብላ፤ "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር እዚህ የለም። ዶርም ወይም ጋራ ቤት የምትኖሩ፣ ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ስጎ ውስጥ የገባ ለውዝ በዓይን አይለይም። ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ያበጠ፣ መተንፈስ የከበደው፣ ሰውነቱ በድንገት ሽፍ ያለበት ሰው ካለ ውሃ እያጠጡ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ሕፃናት ላሉበት ቤት ደግሞ፣ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፍሬውን ለውዝ አትስጡ፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ለእነሱ ከላይ የሚነሰነሰውን ተዉትና ስጎውን ቀጠን አድርጉት።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ለነገ ምሳ ይሆናል፤ ጠዋት ደርቆ አንድ ላይ ተያይዞ ስታገኙት ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምሩና አማስሉት፣ ይመለሳል። ፍሪጅ ከሌላችሁ ግን ስጎውን የምትበሉትን ያህል ብቻ በጥብጡ። ውሃ ያልነካው የለውዝ ቅቤ በደረቅ ማንኪያ እየተቀዳ በክዳኑ ይቆይላችኋል፤ ውሃና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ስጎ ግን ክፍሉ ውስጥ አያድርም።